ባክቴሪያው ይታጠባል ወይስ ያሸንፋል? የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽንን በሒሳብ ሞዴል ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ሽንት ሲያቃጥልና ቶሎ ቶሎ ሲል ብዙ ሰው «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባው ያለው ባክቴሪያ ነው። አብዛኛውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ሴቶችን አብዝቶ የሚያጠቃበት አንዱ ምክንያት የርቀት ጉዳይ ነው። የሴት የሽንት መውጫ ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የወንድ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ይህ መመሪያ ያንን ኢንፌክሽን በሒሳብ እንዴት እንደምትሠሩት ያሳያል። ያሰብኩት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ውስጥ ላሉ የሒሳብና የባዮሎጂ ተማሪዎች ነው። ግን ማባዛትና ማካፈል የማይፈራ ሰው ሁሉ እስከ ግማሹ ያለ ችግር ይሄዳል። ወረቀት፣ የስልክ ካልኩሌተርና ኤክሴል ይበቃሉ።

ለምን የሽንት ፊኛ? በሰውነት ውስጥ ያለ ኢንፌክሽንን ሞዴል ማድረግ የሚፈልግ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቲቢ ወይም ከታይፎይድ ይጀምራል። የእነዚህ ባክቴሪያዎች መደበቂያ የራሳችን ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ሞዴሉ ገና ከመነሻው ይወሳሰባል። ተማሪውም ሌላ ሰው የጻፈውን አሥራ ምናምን እኩልዮሽ ገልብጦ ይቀራል፤ አንዱንም በራሱ ሳያስበው። የሽንት ፊኛ ግን ግልጽ ነው። የሚገባው ይታወቃል፣ የሚወጣው ይታወቃል፣ ይዘቱም በሚሊ ሊትር ይለካል። እዚህ የለመዳችሁትን ዘዴ በኋላ ወደ ሳንባም ወደ ደምም ትወስዱታላችሁ።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የኢንፌክሽን ሞዴል እሠራለሁ» ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ ማለት እንዲህ ያለ ነው፦ አንድ ሰው በየስንት ሰዓቱ ቢሸና ነው ባክቴሪያው ሳይበዛ ታጥቦ የሚወጣው?

ይህን የመረጥኩት እዚሁ አጠገባችን ስላለ ነው። ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የምትሸጥ ሴት አጠገቧ ንጹሕ ሽንት ቤት ላይኖር ይችላል። ረጅም መንገድ የምትሄድ ተሳፋሪም እንደዚያው። ብዙዎቹ የሚያደርጉት አንድ ነው፦ ይይዙታል፣ እንዳይመጣባቸውም ውሃ አይጠጡም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ የጠጡት ትንሽ ውሃ በላብ ይወጣል። ሞዴሉ እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ መያዝንና አለመጠጣትን፣ ለየብቻ እንድንመዝናቸው ያደርገናል።

2. መግቢያና መውጫውን ሣሉ

ጣናን አስቡ። ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል። አባይ ይወጣበታል፤ መውጫው ላይም የጨረጨራ ግድብ በር አለው። የሐይቁ መጠን ለውጥ የገባው ሲቀነስ የወጣው ነው። ፊኛም ሁለት ቱቦ ከኩላሊት ይገቡበታል፣ አንድ በር ያለው መውጫ አለው። ልዩነቱ በሩ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ መከፈቱ ነው። ደግሞም ሲከፈት ሁሉም አይወጣም፤ ትንሽ ይቀራል።

ወረቀት ላይ አንድ ክብ ሣሉና ቀስቶቹን አስገቡ። ከዚያ አራት ቁጥሮች ብቻ ጻፉ፦

የሽንት ምርት፦ በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር። በቀን 1,440 ይሆናል። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ስለሚሸና ተገቢ ግምት ነው።
ቀሪ ሽንት፦ ከተሸና በኋላ የሚቀረው፣ 2 ሚሊ ሊትር።
እጥፍ መሆኛ ጊዜ፦ ባክቴሪያው ቁጥሩን በእጥፍ ለማሳደግ የሚፈጅበት፣ 40 ደቂቃ።
ቆይታ፦ በሁለት ሽንት መካከል ያለው ሰዓት። የምንለዋውጠው ይህን ነው።

40 ደቂቃው የሙከራ ቁጥር ነው። ኢ. ኮላይ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ምግብ በሞላበት ፈሳሽ፣ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ሽንት ያን ያህል የተመቸ ምግብ አይደለም። በኋላ ይህን ቁጥር እየቀያየርን እንፈትነዋለን።

3. አንድ ዙር በእጃችሁ አስሉ

ኮምፒዩተር ገና አትክፈቱ። አንድ ዙር ማለት ከሽንት እስከ ሽንት ነው። በዙሩ ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል። መጀመሪያ ባክቴሪያው ይበዛል። ከዚያ በሩ ሲከፈት ይታጠባል።

ቆይታው 4 ሰዓት ይሁን። 4 ሰዓት 240 ደቂቃ ነው። ለ40 ሲካፈል 6 ይሰጣል፤ ባክቴሪያው 6 ጊዜ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። 2ን 6 ጊዜ በራሱ ስታባዙት 64 ነው። ስለዚህ አንዱ ባክቴሪያ 64 ሆነ።

አሁን እጥበቱ። በ4 ሰዓት 240 ሚሊ ሊትር ሽንት ተመረተ። ከቀሪው 2 ጋር 242 ነው። ሲሸና 2 ብቻ ይቀራል። ከ121 አንድ እጁ ማለት ነው። ባክቴሪያው በሽንቱ ውስጥ እኩል ተበትኗል ብለን ካሰብን ከ121 ባክቴሪያ 120ው ይወጣል።

64 ለ121 ሲካፈል 0.53 ነው። ይህን «የዙር ውጤት» እንበለው። ከ1 ካነሰ ባክቴሪያው በየዙሩ እየቀነሰ ይጠፋል። ከ1 ከበለጠ በየዙሩ ይጨምራል። የጠቅላላው ሞዴል ልብ ይህች አንዲት ቁጥር ናት። ለማንኛውም ቆይታ፦

የዙር ውጤት = የእድገቱ ብዜት × ቀሪ ሽንት ÷ (ቀሪ ሽንት + ምርት × ቆይታ)

ሌሎቹንም አስሉ። ለ3 ሰዓት 0.25 ይወጣል። ለ5 ሰዓት 1.2። ለ6 ሰዓት 2.8። ለ8 ሰዓት 17። ድንበሩ በ4 እና በ5 ሰዓት መካከል ነው። ከዚያ በኋላ ለምን እንዲህ እንደሚዘል ልብ በሉ። ሽንቱ በመደመር ነው የሚያድገው፣ በየሰዓቱ 60። ባክቴሪያው ግን በማባዛት ነው። አንድ ሰዓት ስትጨምሩ እጥበቱ በጥቂቱ ይሻሻላል፤ ባክቴሪያው ግን ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሩጫው እኩል አይደለም።

4. ቀኑን ሙሉ አያይዙት

ሰው ሌሊት ይተኛል። ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው 8 ሰዓት ይቆያል። የሌሊቱ ዙር ብቻውን 17 እጥፍ ያሳድጋል። ይህን የሚያካክሰው የቀኑ ሽንት ነው።

በቀሩት 16 ሰዓታት በየ4 ሰዓቱ የሚሸና ሰው 4 የቀን ዙር አለው። 0.529ን አራት ጊዜ አባዙና በ17 አባዙት፤ 1.33 ገደማ ይሆናል። ባክቴሪያው በየቀኑ በሲሶ ይጨምራል። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ይጨመርና 5 የቀን ዙር ይሁን፣ እያንዳንዱ 3.2 ሰዓት። ውጤቱ 0.033 ነው። በአንድ ቀን ከ30 ባክቴሪያ 29ኙ ጠፋ ማለት ነው።

እኔ ይህን ቁጥር በጣም እወደዋለሁ። ያው ሰው፣ ያው የሽንት መጠን፣ ያው ባክቴሪያ ነው። በቀኑ ውስጥ ያለው እድገትም አንድ ነው፤ 24 ሰዓት ለ40 ደቂቃ ሲካፈል 36፣ ማለትም 36 ጊዜ እጥፍ መሆን። የተለወጠው የበሩ መከፈቻ ብዛት ብቻ ነው።

5. ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነቅንቁ

አንድ ሞዴል አንድ መልስ ሲሰጣችሁ አትመኑት። የገመታችሁትን ቁጥር ስትለውጡ ምን ያህል እንደሚናወጥ እዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ለውጡ።

ውሃ፦ ምርቱን ከ60 ወደ 30 አውርዱት። ቆይታው 4 ሰዓት ይሁን። የዙር ውጤቱ ከ0.53 ወደ 1.05 ያልፋል። ማለትም ያው ሰው በዚያው ሰዓት እየሸና፣ ውሃ ስላልጠጣ ብቻ ድንበሩን ተሻገረ። እዚህ ላይ እውነተኛ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት ኢንፌክሽኑ የሚመላለስባቸውና ጥቂት የሚጠጡ 140 ሴቶች ተሳትፈዋል። የተወሰኑት በቀን 1.5 ሊትር ውሃ ጨመሩ። በዓመቱ ውስጥ እነሱን በአማካይ 1.7 ጊዜ ሲያማቸው ያልጨመሩትን 3.2 ጊዜ አሟቸዋል። የሞዴሉ አቅጣጫ ከዚህ ጋር ይስማማል። ብዙ የጠጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜም ይሸናል፤ ስለዚህ ጥናቱ የሁለቱን ድርሻ ለይቶ አይነግረንም። ሞዴሉ የሚጠቅመው እዚህ ነው።

ቀሪ ሽንት፦ ይህን ከ2 ወደ 50 ውሰዱት። በየ3 ሰዓቱ ቢሸናም ውጤቱ 4.9 ነው። የፕሮስቴት እጢያቸው ያበጠ አባቶች ፊኛቸው በደንብ ባዶ አይሆንም። ለምን ኢንፌክሽን እንደሚመላለስባቸው ይህ ስሌት አንዱን ምክንያት ያሳያል። ለእነሱ «ቶሎ ቶሎ ሽኑ» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም።

እጥፍ መሆኛ ጊዜ፦ 20 ደቂቃ አድርጉት። በየ3 ሰዓቱ ለሚሸና ሰው ውጤቱ ከ0.25 ወደ 5.6 ይዘላል። ከአራቱ ቁጥሮች መልሱን አብዝቶ የሚያናውጠው ይሄ ነው። ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ ለመለካት ቅድሚያ የምትሰጡት ለዚህ ነው።

6. የሚጣበቁትን ጨምሩ

እስካሁን ባክቴሪያው ሁሉ ሽንቱ ውስጥ ይንሳፈፋል ብለናል። እውነታው ግን ኢ. ኮላይ በጫፋቸው ተጣባቂ ፕሮቲን ያላቸው ፀጉር መሰል ክሮች አሉት። በእነሱ የፊኛውን ግድግዳ ይይዛል። የያዘ ባክቴሪያ ከሽንት ጋር አይወጣም። ስለዚህ ሁለት ሕዝብ እንቁጠር፤ ነጻዎቹን «ነ»፣ ተጣባቂዎቹን «ተ» እንበል። በሰዓት፦

የነ ለውጥ = 1.04 × ነ − 0.01 × ነ + 0.1 × ተ
የተ ለውጥ = 0.5 × ተ × (1 − ተ ÷ 10,000,000) + 0.01 × ነ − 0.1 × ተ

1.04 ከየት መጣ? 0.693ን እጥፍ መሆኛ ጊዜው በሰዓት ሲገለጽ (0.667) ስታካፍሉ ነው። 0.01 የሚጣበቁት ድርሻ፣ 0.1 ደግሞ የሚላቀቁት ነው። በቅንፍ ያለው የቦታ ገደብ ነው፤ ግድግዳው ሲሞላ እድገቱ ይቆማል። ይህን የቦታ ገደብ እ.ኤ.አ. በ1838 ለሰው ሕዝብ ብዛት የጻፈው ቬርሁልስት የተባለ ቤልጂየማዊ ነው። እነዚህም ቁጥሮች የሙከራ ናቸው። ሁሉም «በሰዓት» መሆናቸውን ግን አረጋግጡ፤ አንዱን በደቂቃ ሌላውን በሰዓት መቀላቀል ሞዴሉን ከሥሩ ያበላሻል።

አሁን ኤክሴል ክፈቱ። የመጀመሪያው ዓምድ ሰዓት፣ ሁለተኛው ነ፣ ሦስተኛው ተ፣ አራተኛው የሽንት መጠን ይሁን። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ትንሽ እርምጃ ነው። አዲሱ ቁጥር የድሮው ሲደመር ለውጡ በእርምጃው ተባዝቶ ነው። ይህን ጻፉና ወደታች ጎትቱት። የሽንት ሰዓት ሲደርስ «ነ»ን በቀሪውና በጠቅላላው ጥምርታ አባዙ፣ የሽንቱን መጠን ወደ 2 መልሱ፣ «ተ»ን ግን አትንኩ።

የእርምጃው መጠን ቀላል ነገር አይደለም። የመባዛቱን ክፍል ብቻ ወስዳችሁ አንድን ባክቴሪያ ለ4 ሰዓት አሳድጉት። በእጃችን 64 አግኝተናል። በ0.1 ሰዓት እርምጃ ግን ኤክሴል 52 ይላችኋል። በ0.01 ሰዓት 63 ይሰጣል። ሁልጊዜ እርምጃውን አሳንሳችሁ ድገሙት። መልሱ የሚለወጥ ከሆነ የምታዩት ባክቴሪያውን ሳይሆን የኤክሴሉን ስሕተት ነው።

ሲሠራ ምን ታያላችሁ? ተጣባቂዎቹ በሰዓት 0.5 ያድጋሉ፣ 0.1 ይላቀቃሉ። የተጣራው 0.4 ነው፤ በ1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። በየሰዓቱ ብትሸኑም እነሱ አይነኩም፤ ይባስ ብሎ ነጻዎቹን እየመገቡ ይቀጥላሉ። ውሃ መጠጣት ገና ያልያዘን ባክቴሪያ ያጥባል። የያዘውን ለመግደል ግን ሌላ ኃይል ያስፈልጋል።

7. ነጭ የደም ሕዋሳቱን አስገቡ

የመጀመሪያዎቹ ደራሾች ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት ናቸው። «ጭ» እንበላቸው። እያንዳንዱ ነጭ ሕዋስ በሰዓት የተጣባቂዎቹን 0.0001 እጅ ይገድላል እንበል። ከተ ለውጥ ላይ 0.0001 × ጭ × ተ ቀንሱ።

ያኔ ድንበሩ በግልጽ ይወጣል። የተጣራው እድገት 0.4 ስለሆነ፣ ለማሸነፍ 0.4 ለ0.0001 ሲካፈል፣ ማለትም ከ4,000 በላይ ነጭ ሕዋስ ያስፈልጋል። ስሌቱ ውስጥ የባክቴሪያው ብዛት እንደሌለ አያችሁ? ወሳኙ የነጭ ሕዋሳቱ ጥግግት እንጂ አንድ ለአንድ ያላቸው ብልጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት ይህንኑ በሌላ ባክቴሪያ ላይ አሳይቷል። ኒውትሮፊሉ ከአንድ የተወሰነ ጥግግት ሲያንስ ባክቴሪያው ይበዛል፣ ሲያልፍ ይቀንሳል። ሐኪሞችም የአንድ ታካሚ ኒውትሮፊል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 በታች ሲወርድ በጣም የሚጠነቀቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነጭ ሕዋሳቱ ራሳቸው ግን የሚመጡት ተጠርተው ነው፦

የጭ ለውጥ = ጥሪ × ተ ÷ (ተ + 100,000) − 0.1 × ጭ

ጥሪው በሰዓት 300 ከሆነ ጭ ቢበዛ 3,000 ይደርሳል። አይበቃም፤ ተጣባቂዎቹ ከ2 ሚሊዮን በላይ እስኪሆኑ ይበዛሉ። 1,000 ከሆነ እስከ 10,000 መውጣት ይችላል፤ ይበቃል። ነገር ግን ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ባክቴሪያው ሲያንስ ጥሪውም ያንሳል። ከነጻዎቹ የሚመጣውን ለጊዜው ብንተወው፣ ሁለቱ የሚመጣጠኑት ተጣባቂዎቹ 67,000 ገደማ ሲሆኑ ነው። ይህ ሞዴል ባክቴሪያውን ይቆጣጠረዋል እንጂ ወደዚያ ነጥብ ሲጠጋ አያጠፋውም። ሕመሙ የተሻለው ሰው ሁሉ ባክቴሪያው የለቀቀው እንዳልሆነ ለማሰብ ጥሩ መነሻ ነው።

8. መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጡት

የመድኃኒት መጠን በደም ውስጥ በየተወሰነ ጊዜው በግማሽ ይወርዳል። ለሲፕሮፍሎክሳሲን ይህ 4 ሰዓት ያህል ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገመሳል፤ አንድ ስምንተኛው ይቀራል። ለአሞክሲሲሊን 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ በ8 ሰዓት አንድ 256ኛው ነው የሚቀረው። አንዱ በቀን ሁለቴ፣ ሌላው ሦስቴ የሚሰጠው አንድም በዚህ ነው።

ግድያውን እንዲህ ጻፉ፦ 3 × መ ÷ (መ + ግ)። «መ» የመድኃኒቱ መጠን ነው። «ግ» ግማሽ ኃይሉን የሚያገኝበት መጠን ነው። ነጻዎቹ በ1.04 ስለሚያድጉ፣ እድገታቸውን ለማቆም መ ከግ 0.53 እጅ መብለጥ አለበት። አንድ ኪኒን «መ»ን ወደ 8 × ግ ያደርሰዋል እንበል። በ4 ሰዓት እየተገመሰ ድንበሩ ላይ የሚደርሰው ከ15 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው። በየ12 ሰዓቱ የሚወስድ ሰው ምንጊዜም ከድንበሩ በላይ ነው። አንዱን የዘለለ ሰው ግን ለ8 ሰዓት ያህል ባክቴሪያው እንደልቡ እንዲበዛ ይተወዋል።

መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ለማስገባት «ግ»ን 16 እጥፍ አድርጉት። ያኔ 8 × ግ የነበረው ከፍተኛ መጠን የአዲሱ «ግ» ግማሽ ብቻ ይሆናል፤ ድንበሩን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አያልፍም። ኪኒኑን በሰዓቱ ቢወስዱትም ያው ነው። መድኃኒት ከፋርማሲ በግምት ከመግዛት በፊት የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚያሳይ ምርመራ) ማሠራት ለምን እንደሚሻል ይህች መስመር በቂ ታስረዳለች። ትኩሳት፣ የጎን ሕመም ወይም እርግዝና ካለ ሐኪም ጋ በዚያው ቀን መሄድ ነው፤ ይህ የኤክሴል ጉዳይ አይደለም።

ሌላም ዓይነት የሚተርፍ ባክቴሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1944 ጆሴፍ ቢገር ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ሁሉ እንደማይገድል አሳየ። የተረፉት ያልተላመዱ፣ ግን ለጊዜው ያንቀላፉ ነበሩ። የማያድግና በመድኃኒቱ የማይነካ ሦስተኛ ሕዝብ አድርጋችሁ ብታስገቧቸው፣ ሕክምናው ሲቆም ኢንፌክሽኑ ሲመለስ ታያላችሁ።

9. ከአንድ በታች ሲወርድ አቁሙት

ኤክሴል 0.0004 ባክቴሪያ ያሳያችኋል፤ ከዚያም ያ ቁራጭ ባክቴሪያ እንደገና ይበዛል። እንዲህ ያለ ፍጥረት የለም። ቁጥሩ ሲያንስ ዕድል ነው የሚወስነው። አንድ ባክቴሪያ በሰዓት 0.5 እየተባዛ፣ በመላቀቅና በነጭ ሕዋስ 0.4 የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘሩ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ዕድል 0.4 ለ0.5 ሲካፈል፣ 0.8 ነው። 10 ከሆኑ 0.8ን 10 ጊዜ ማባዛት ነው፤ ከ100 ዕድል 11 ገደማ። 30 ከሆኑ ከ1,000 አንዱ። ያው ሰውነት፣ ያው መከላከያ፤ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው ሳያውቀው ያልፋል።

10. ከመረጃ ጋር አጋጥሙት

የታካሚ መረጃ ከፈለጋችሁ፣ ስም የሌለበትም ቢሆን፣ ከሆስፒታሉና ከዩኒቨርሲቲው የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ይቅደም። ካልቸር በሚሊ ሊትር የባክቴሪያ ቁጥር ይሰጣል። 100,000 የሚለው የተለመደ መለያ ነው። ቁጥሮቹን በሎጋሪዝም ሣሉ፤ አለዚያ ትልቁ ቁጥር ትንንሾቹን ሁሉ ይሸፍናቸዋል። ከዚያ በኤክሴሉ ሶልቨር (ከመረጃው ጋር የሚስማማ ቁጥር በሚፈልገው መሣሪያ) ፓራሜትሮቹን፣ ማለትም እንደ 1.04 እና 0.1 ያሉትን የሞዴሉን ቁጥሮች፣ ፈልጉ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የባክቴሪያ ቁጥር ብቻ ካላችሁ የምታውቁት እድገት ሲቀነስ ሞትን ነው። 1.0 ሲቀነስ 0.6 እና 0.5 ሲቀነስ 0.1 ሁለቱም 0.4 ናቸው፤ መስመሩም አንድ ነው። ሶልቨሩ ከሁለቱ አንዱን በልበ ሙሉነት ይሰጣችኋል። ለመለየት ሌላ ልኬት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያው ባክቴሪያ በተጣራ ሽንት ውስጥ፣ ነጭ ሕዋስ በሌለበት፣ እንዴት እንደሚያድግ በላቦራቶሪ መለካት።

ወደ ታይፎይድ መሻገር የምትፈልጉ ደግሞ ሥዕሉን ብቻ ለውጡ። ነጻዎቹ ደም ውስጥ ያሉት ይሆናሉ። ተጣባቂዎቹ በነጭ ሕዋስ ሆድ ውስጥ የተደበቁት ይሆናሉ። የሽንቱ በር ይዘጋል። የዙር ውጤቱም ይለወጣል፤ አንድ የተያዘ ሕዋስ ሲፈነዳ ስንት አዲስ ሕዋስ ያስይዛል የሚለው ይሆናል። ያንንም መጀመሪያ በእጃችሁ አስሉት።